የጅብ ጥላና እንጉዳይ
በዱር የሚበቅለውን እንጉዳይ ስለ መለየት ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር



ክረምት ገብቶ ምድር ውሃ በጠገበች ጊዜ፣ ገበሬው ጎተራው ተሟጦ አዲሱን እሸት በሚጠባበቅበት ወራት፣ በየመስኩና በየጫካው ዳር ማንም ሳይዘራው የሚወጣ አንድ ፍጥረት አለ። ማታ ባልነበረበት ስፍራ ጧት ነጭ ቆብ ደፍቶ ቆሞ ይገኛል። ከብት የሚጠብቁ ሕፃናት ያዩታል። አንዱ በእግሩ ረግጦት ያልፋል፤ አንዱ እሳት ላይ ጠብሶ ይቀምሰዋል፤ አንዱ ደግሞ በልብሱ ጫፍ ቋጥሮ ወደ ትምህርት ቤት ያመጣውና መምህሩን «ይህ ይበላልን?» ብሎ ይጠይቃል። ከሦስቱ ሕፃናት ለመማር የተሰናዳው ሦስተኛው ነው። ለእርሱ የሚሰጠው መልስ ግን እንደ ሌላው የክፍል መልስ አይደለም። በሒሳብ የተሳሳተ መልስ በቀይ ቀለም ይታረማል፤ በእንጉዳይ የተሳሳተ መልስ ወጥ ሆኖ ወደ ቤተ ሰቡ ማዕድ ይቀርባል።

መምህሩ ስለ ዱር እንጉዳይ ምን ያህል ማወቅ ይገባዋል፣ ምንስ ሊያስተምር ይችላል የሚለው ነገር የዚህ ንግግር መነሻ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአማርኛ እንጉዳይ የሚለው ስም ለጠቅላላው ወገን ያገለግላል፤ ዳሩ ግን በየሜዳው የሚወጣውን ብዙ ሰው የጅብ ጥላ ብሎ ይጠራዋል። ይህ ስም ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጅብ የሚጠለልበትን ነገር ለምግብ የሚመኝ ማን ነው? ደገኛው ገበሬ የጅብ ጥላ ብሎ ያለፈውን አይቀምሰውም፤ ልጁንም አያስቀምስም። ይህ ልማድ በሳይንስ ሚዛን ቢመዘን ከብዙ መጻሕፍት ምክር የሚያንስ አይደለም፤ የማያውቀውን ሁሉ የሚተው ሰው በእንጉዳይ አይሞትምና። ሆኖም ሁሉን በአንድ ስም ጠቅልሎ መተው ከሞት ያድናል እንጂ ዕውቀት አያፈራም። ረኀብ የገባ እንደ ሆነ፣ ወይም ቤተ ሰቡ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከአገርም ወደ ባዕድ አገር የሄደ እንደ ሆነ፣ «አትንካ» የሚለው ደንብ ብቻውን ይላላል፤ ጎረቤት ሲበላ ይታያል፣ ሆድም ይጠይቃል። በዚያን ጊዜ የሚበላውን ከሚገድለው ለመለየት በእጅ ያለ ምንም መያዣ የለም።

ሁሉም ሕዝብ ደግሞ እንዲህ አይደለም። በጋምቤላ ጫካዎች የሚኖሩት መዠንግሮች፣ በቤኒሻንጉል ቆላዎች የሚኖሩት ጉሙዞችም የዱር እንጉዳይ ለቅመው ይመገባሉ፤ የሚወጣበትን ወቅትና ስፍራ ከአባት ከእናት ተምረው ያውቃሉ። በቡጋንዳ እንጉዳይ የአንድ ጎሣ መለያ እስከ መሆን ደርሷል፤ ቡቲኮ የሚባለው ጎሣ ተወላጆችም ስማቸውን ያገኙበትን እንጉዳይ አይበሉም። በዛምቢያ በዝናም ወራት መጀመሪያ በየመንገዱ ዳር ጃንጥላ የሚያህል እንጉዳይ ይዘው የሚሸጡ ሴቶች መንገደኛውን ያስደንቃሉ። እነዚህ ሕዝቦች እንጉዳይን የሚለዩት በመጽሐፍ አይደለም፤ የሚለዩበት ሥርዓት ግን ከሊቃውንቱ ሥርዓት ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። ይኸውም «እንጉዳይ ሲባል ይበላልን?» ብለው አይጠይቁም፤ «ይህ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን እንጉዳይ ምን እንደ ሆነ በጥቂቱ ማስታወስ ያስፈልጋል። እንጉዳይ ተክል አይደለም፤ ቅጠል የለውም፣ ከፀሐይ ብርሃንም ምግቡን አያዘጋጅም። ወገኑ ፈንገስ ነው። ዋናው አካሉ በአፈር ወይም በበሰበሰ እንጨት ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የቀጫጭን ክሮች መረብ ነው፤ ከምድር በላይ የሚታየው ቆብና እግር ፍሬው ብቻ ነው። ከክብደቱ 90 በመቶ ያህሉ ውሃ ስለ ሆነ በአንድ ሌሊት ማደጉ ተአምር አይደለም፤ ተዘጋጅቶ የቆየው ፍሬ ውሃ ጠጥቶ ይነፋል። ከእንጉዳይ ወገን አንዳንዱ የወደቀ ቅጠልና እንጨት እያበሰበሰ ይኖራል። አንዳንዱ ከሕያው ዛፍ ሥር ጋር ተቆራኝቶ ለዛፉ ውሃና ማዕድን እያቀበለ ስኳር ይወስዳል። አንዳንዱ ደግሞ ምስጥ በኩይሳው ውስጥ የሚያለማው ነው። እንጉዳዩ ከየት እንደ ተነቀለ ሳይታወቅ መለየት የማይቻለው ስለዚህ ነው፤ በቅርጫት ተቀላቅሎ የመጣ እንጉዳይ የምስክሩን ግማሽ ጫካ ውስጥ ትቶ መጥቷል።

የሚበላውን ከሚገድለው የሚለይ አንድ ጠቅላላ ምልክት የለም። መምህር ከዚህ ጉዳይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ለተማሪዎቹ ማስጨበጥ ቢችል ይህችን ያስጨብጥ። ሰው ግን ጠቅላላ ምልክት መፈለግ አይተውም፤ በየአገሩም ብዙ ፈተና ፈጥሯል። ከእንጉዳዩ ጋር የተቀቀለ የብር ማንኪያ ካልጠቆረ ደኅና ነው ይላሉ፤ ገዳዩ መርዝ ግን ብርን አያጠቁርም። ሽንኩርቱ ቀለሙን ካልለወጠ ይበላል ይላሉ፤ ሽንኩርት ስለ መርዝ የሚያውቀው ነገር የለም። የቆቡ ቆዳ በቀላሉ ከተላጠ ይበላል ይላሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ሰው የፈጀው እንጉዳይ ቆዳው በቀላሉ ይላጣል። ትል ወይም ቀንድ አውጣ ከበላው ሰውም ይበላዋል ይላሉ፤ ቀንድ አውጣ ግን ሰውን የሚገድለውን እንጉዳይ በልቶ ደኅና ይሄዳል። ነጭ የሆነው ንጹሕ ነው ይላሉ፤ ከገዳዮቹ መካከል ከቆቡ እስከ ሥሩ እንደ ወተት የነጡ አሉ። መራራው መርዝ ነው፣ ጣፋጩ ምግብ ነው ይላሉ፤ ከሞት የተረፉ ሰዎች ግን የበሉት እንጉዳይ ጣፋጭ እንደ ነበረ መስክረዋል። በመጨረሻም ደኅና አድርጎ መቀቀል መርዙን ያጠፋል የሚለው አለ። አንዳንድ ቀላል መርዝ በእሳት ይቀንሳል፤ ዋናው ገዳይ መርዝ ግን አይነቃነቅም፤ ቢቀቀል፣ ቢጠበስ፣ ቢደርቅ ያው ነው።

በመጽሐፍ የተማረ ሰውም ከዚህ ስሕተት አልዳነም። በ1767 በፓሪስ ይኖር የነበረው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሾበርት ከከተማው ውጭ ሽርሽር ወጥቶ እንጉዳይ ለቀመ። ወደ አንድ ምግብ ቤት ወስዶ እንዲሠሩለት ቢጠይቅ ወጥ ቤቱ መርዝ ነው ብሎ እንቢ አለው። ወደ ሁለተኛ ምግብ ቤት ሄዶ ያንኑ መልስ አገኘ። አብሮት የነበረ አንድ ሐኪም ግን ይበላል ብሎ አረጋገጠለት፤ ሾበርትም ወደ ቤቱ ወስዶ አሠራው። እርሱ፣ ሚስቱ፣ ከአንዱ በቀር ልጆቹ፣ ሐኪሙም ጭምር ሞቱ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ትምህርት የሐኪሙ አለማወቅ አይደለም፤ ሁለት ወጥ ቤቶች ያሉትን አንድ ማዕርግ ያለው ሰው ሊሽረው መቻሉ ነው። ማዕርግ ስለ እንጉዳይ ዕውቀት አይሰጥም፤ የመምህርነት ማዕርግም እንዲሁ።

ብዙ ጊዜ ተበልቷል የሚለው ማስረጃ እንኳ እንደሚታሰበው ጽኑ አይደለም። ፓክሲሉስ ኢንቮሉቱስ የሚባለው ቡናማ እንጉዳይ በአውሮፓ እንደ ምግብ ይቈጠር ነበር፤ በ1944 ጀርመናዊው የእንጉዳይ ሊቅ ዩልዩስ ሼፈር እርሱኑ በልቶ ሞተ። ኋላ እንደ ታወቀው፣ ይህን እንጉዳይ ደጋግሞ የበላ ሰው አካሉ በራሱ የደም ሕዋሳት ላይ ሊነሣ ይችላል፤ አሥር ጊዜ በደኅና የበላው በአሥራ አንደኛው ይወድቃል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በፖላንድ ከ100 በላይ ሰዎች በኩላሊት በሽታ ተያዙ፤ ከእነርሱም የሞቱ ነበሩ። ምክንያቱ ኮርቲናርዩስ ኦሬላኑስ የሚባል እንጉዳይ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ምርመራ በኋላ ነው። ቀደም ሲል ጉዳት የሌለው ይመስል ነበር፤ ሕመሙ ከተበላ ከብዙ ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለሚጀምር፣ ያን ያህል ጊዜ ያለፈበትን እራት ማን ያስታውሳል?

ወደ ቀላሉ ነገር ስንመለስ፣ ጠጅና ጠላ በሚወደድበት አገር ሊታወቅ የሚገባው አንድ ዓይነት አለ። ሲያረጅ ቆቡ ቀልጦ እንደ ቀለም የሚንጠባጠብ ጥቁር ፈሳሽ ይሆናል፤ ጥንት በፈሳሹ ይጽፉበት ነበር ይባላል። ለብቻው ሲበላ ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ግን ፊትን ያቀላል፣ ልብን ያስደነግጣል፣ ያስመልሳልም። በማግስቱ የሚጠጣ መጠጥ እንኳ ይህን ሊያስነሣ ይችላል። እንግዲህ አንድ እንጉዳይ «ይበላል» ወይም «አይበላም» የሚለው ፍርድ ራሱ ምን ያህል ተጨማሪ ነገር እንደሚጠይቅ ከዚህ ይታያል።

ታዲያ ዐዋቂው በምን ይለየዋል? በአንድ ምልክት ሳይሆን በብዙ ምልክት ስምምነት ይለየዋል። ከሁሉ አስቀድሞ እንጉዳዩ ከነሥሩ በጥንቃቄ ተቆፍሮ መውጣት አለበት። በቢላዋ ከመሬት በላይ የተቆረጠ እንጉዳይ እጅግ አስፈላጊውን ምልክት በአፈር ውስጥ ትቶታል። አማኒታ የሚባለው ወገን፣ ከርሱም መካከል ከሁሉ የከፋው አማኒታ ፋሎይደስ፣ በለጋነቱ እንደ እንቁላል በአንድ ስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ሲያድግ ሽፋኑ ይቀደድና በእግሩ ሥር እንደ ከረጢት ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ከረጢቱ በአፈር ውስጥ ስላለ ቆርጦ የሚለቅም ሰው አያየውም። ከእግሩ ላይኛው ክፍል ቀለበት፣ ከቆቡ በታች እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ነጫጭ ስስ ክፍሎች አሉት፤ ቆቡ ወደ አረንጓዴና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፣ አንዳንዴም ገርጥቶ ነጭ ይሆናል። ቀለበት፣ ከረጢትና ነጭ ገጽ በአንድነት የተገኙበትን እንጉዳይ ማንም ለምግብ አይንካው። ዳሩ ግን ይህን ገልብጦ፣ እነዚህ የሌሉበት ሁሉ ይበላል ማለት ያው የቀድሞው ስሕተት ነው።

ቀጥሎ የሚመረመረው የዘሩ ብናኝ ቀለም ነው፤ ይህም በየትኛውም ትምህርት ቤት፣ ያለ አንዳች መሣሪያ፣ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። ቆቡ ከእግሩ ተቆርጦ ገጾቹን ወደ ታች በማድረግ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ ነፋስ እንዳያገኘው ብርጭቆ ይደፋበታል። ማታ የተቀመጠው ጧት ሲነሣ እያንዳንዱ ገጽ ዘሩን በወረቀቱ ላይ እንደ ጨረር አራግፎ ይገኛል። ነጭ ብናኝ በጥቁሩ ወረቀት ላይ፣ ጥቁር ብናኝ በነጩ ላይ ይታያል። የአማኒታ ነጭ ነው፤ በመስክ የሚበቅለውና ሰው የሚያለማውም አጋሪኩስ ጥቁር ቡናማ ነው። በዚህ አንድ ሥራ ሁለቱ ወገኖች ይለያያሉ፤ ሕፃኑም የቆቡን ቀለም ማመን እንደማይገባ በዓይኑ ያያል። እንጉዳይን በእጅ መንካት እንደማይመርዝ መናገር ያስፈልጋል፤ መርዙ ሲዋጥ እንጂ ሲዳሰስ አይጎዳም። እጅን በኋላ መታጠብ ይበቃል። ለመሞከር ብሎ መቅመስ ግን በክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይፈቀድ።

አጋሪኩስ መሆኑ ታወቀ ማለትም ይበላል ማለት አይደለም። ከዚሁ ወገን አንዱ፣ የእግሩ ሥር በጥፍር ሲፋቅ ወዲያው ደማቅ ቢጫ የሚሆነው፣ ሽታውም እንደ ቀለም ወይም እንደ ሐኪም ቤት መድኃኒት የሆነው፣ ሆድን ክፉኛ ያውካል።

ለምሥራቅ አፍሪካ መምህር ከሁሉ የሚጠቅመው ምሳሌ የምስጥ እንጉዳይና የሚመስለው ሌላው ናቸው። ሊቃውንቱ ቴርሚቶሚሰስ ብለው የሰየሙት የምስጥ እንጉዳይ በዓለም ላይ ከሚያስደንቁት ፍጥረታት አንዱ ነው። አንዳንድ የምስጥ ወገን ሣርና እንጨት አኝኮ በኩይሳው ውስጥ እንደ ማር እንጀራ ያለ ክምር ይሠራል፤ በዚያ ክምር ላይ ፈንገሱን ያለማል፣ ፈንገሱም እንጨቱን አብላልቶ ለምስጡ ምግብ ያደርግለታል። ይህ እርሻ በአፍሪካ ከተጀመረ 30 ሚልዮን ዓመት ያህል እንደ ሆነው ይገመታል፤ የሰው ልጅ እርሻ ከዚህ ጋር ሲተያይ የትናንት ነው። ዝናም በጀመረ ጊዜ ፈንገሱ ከክምሩ ረጅም እግሩን ወደ ላይ እየሰደደ ጠንካራውን አፈር ሰንጥቆ ይወጣል። ለዚህም የቆቡ መካከል እንደ ጦር ጫፍ ሹልና ጠንካራ ነው። ተከትለው ቢቆፍሩ እግሩ እንደ ሥር እየቀጠነ ወደ ኩይሳው ውስጥ ይወርዳል፤ ከረጢት አይገኝበትም። የዘሩ ብናኝ ፈዛዛ ሮዝ ነው። ከዚህ ወገን በ1980 በሊቃውንት የተገለጠውና በዛምቢያ የሚታወቀው ቴርሚቶሚሰስ ቲታኒኩስ የቆቡ ስፋት እስከ 1 ሜትር ይደርሳል። በሌላው ወገን ደግሞ ቴርሚቶሚሰስ ሚክሮካርፑስ ከጣት ጥፍር ብዙ የማይበልጥ ሆኖ በመንጋ ይወጣል፤ ይህ ምስጦቹ ወደ ውጭ ከጣሉት ክምር ላይ ስለሚበቅል ረጅሙ ሥር የለውም። በአንድ ወገን ውስጥ እንኳ ምልክቱ ሁሉ ለሁሉ አይሠራም ማለት ነው።

አሁን ሌላው ይታይ። ክሎሮፊሉም ሞሊብዲተስ በሞቃት አገሮች ሁሉ በሣር ሜዳ፣ በግጦሽ፣ በቤት አጥር ግቢም ይበቅላል፤ የትምህርት ቤት መጫወቻ ሜዳም ይስማማዋል። ትልቅና ነጭ ነው፤ ቆቡ ላይ ቡናማ ቅርፊት አለው፣ በእግሩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ቀለበት አለው፣ ሥሩ ያብጣል እንጂ ወደ ኩይሳ አይወርድም። ለጋ ሳለ ገጾቹ ነጭ ስለ ሆኑ መልኩ ምግብ ይመስላል። ሲበስል ግን ገጾቹ ወደ አረንጓዴ ይለወጣሉ፤ የዘሩም ብናኝ በወረቀት ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል፤ ይህም ከእንጉዳይ ሁሉ እጅግ ብርቅ የሆነ ቀለም ነው። የበላው ሰው ከ1 እስከ 3 ሰዓት ውስጥ በብርቱ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋልም። አዋቂን መግደሉ ብርቅ ነው፤ ሕፃንን ግን ውሃውን አፍስሶ ለአደጋ ያደርሰዋል። በቸኮለ ዓይን ሁለቱም ትልልቅ ነጫጭ እንጉዳዮች ናቸው። የሚለያያቸው የቆፈረው እጅና አንዲት ሌሊት የጠበቀው ወረቀት ነው። ለጋው ገና ዘር ስላልደረሰው በወረቀት ላይ ምንም አያራግፍም፤ ያን ጊዜ መልሱ «አይታወቅም» ነው፤ ያልታወቀውም አይበላም።

ይህን ያህል ዕውቀት ያለው ሰው እንኳ ዕውቀቱ ከተማረበት ስፍራ ጋር የታሰረ መሆኑን ማሰብ ይገባዋል። በ2021 ከአፍጋኒስታን ወደ ፖላንድ የተወሰደ አንድ ቤተ ሰብ በዋርሶ አቅራቢያ ካለው የስደተኞች መጠለያ አጠገብ ከጫካ እንጉዳይ ለቅሞ በላ፤ የ5 እና የ6 ዓመት ወንድማማች ሕፃናት ሞቱ። በ2015 በጀርመን ከሶርያ የመጡ ብዙ ስደተኞች በአማኒታ ፋሎይደስ ተመረዙ። በካሊፎርንያ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ሰዎች ይህንኑ እንጉዳይ በአገራቸው ከሚበሉት ከረጢት ያለው እንጉዳይ ጋር አሳስተው በልተዋል። ይህ ጉዳይ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ይነካል። የምስጥ እንጉዳይ በአፍሪካና በእስያ እንጂ በአውሮፓና በአሜሪካ አይበቅልም፤ በቆላው አገር የምስጥ እንጉዳይ መብላት የለመደ ሰው በጀርመን ጫካ የሚመስለውን ቢያገኝ ያገኘው በርግጥ ሌላ ነገር ነው።

ደግሞም ሰው ሳይሄድ እንጉዳዩ ወደ እርሱ ሊመጣ ይችላል። ከዛፍ ሥር ጋር የተቆራኘ ፈንገስ ችግኙ ከነአፈሩ ሲጓዝ አብሮ ይጓዛል። አማኒታ ፋሎይደስ ከአውሮፓ ዛፎች ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ አውስትራልያና ወደ ሰሜን አሜሪካ ገብቷል። በደቡብ አፍሪካ የጥድ ተክል ሥር ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀይ ቆብ የደፋው አማኒታ ሙስካርያም እንዲሁ የመጣ እንግዳ ነው። በኢትዮጵያ ባሕር ዛፍ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ተስፋፍቷል፤ የፈረንጅ ጽድና ሌላም ባዕድ ዛፍ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ተተክሏል። ስለዚህ ሽማግሌው ስለ አገሩ ዱር እንጉዳይ የሚያውቀው እውነት ቢሆንም፣ በባዕድ ዛፍ ሥር ስለሚወጣው ምስክር አይሆንም።

በዚህ ዘመን ደግሞ ፎቶግራፍ አንሥቶ ስሙን ከስልክ የመጠየቅ ልማድ መጥቷል። በ2023 በአውስትራልያ ሦስት እንዲህ ያሉ የስልክ መሣሪያዎች ተፈትነው ከሁሉ የተሻለው በትክክል የሰየመው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነበር። ስልኩ ሥሩን አልቆፈረም፣ ዘሩን አልጠበቀም፣ አላሸተተምም። የተማረ ወጣት ከብር ማንኪያው ወደ ስልኩ ቢዛወር መሻሻል ነው ለማለት ያስቸግራል።

መጻሕፍት አሉ፤ ነገር ግን ጥቂት ናቸው። ዴቪድ ፔግለር በ1977 ስለ ምሥራቅ አፍሪካ እንጉዳዮች ያወጣው ሥራ ለሊቃውንት ነው። ማርያ ሄርኮነን፣ ቱኦሞ ኒመላና ሊዮናርድ ምዋሱምቢ በ2003 ያሳተሙት የታንዛንያ እንጉዳዮች መጽሐፍ ለመምህር ቅርብ ነው። የአፍሪካ እንጉዳይ ብዙው ገና ስም አልተሰጠውም፤ በአውሮፓ መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሉን አግኝቶ «ይኸው እርሱ ነው» ማለት በዚህ ምክንያት አደገኛ ነው። ለዚህ ነው የአገሬው ዕውቀት መመዝገብ ያለበት። እንጉዳይ በሚበላበት አካባቢ የሚያስተምር መምህር ዐዋቂ እናቶችን ወደ ትምህርት ቤቱ ጋብዞ፣ የያንዳንዱን ዓይነት ስም፣ የሚወጣበትን ወር፣ የሚበቅልበትን ዛፍ ወይም ኩይሳ፣ አሠራሩንም በተማሪዎቹ ደብተር ቢያስጽፍ፣ አጠገቡም የዘሩን ብናኝ ወረቀት ቢያስለጥፍ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየትም ያልታተመ መዝገብ ይኖረዋል። እንዲህ ያለው መዝገብ ዐዋቂዋ እናት እያለች እንጂ ካለፈች በኋላ አይሠራም። እንጉዳይ በማይበላበት ደጋ ደግሞ የጅብ ጥላ የሚለውን የቀድሞ ጥበቃ ማፍረስ የመምህር ሥራ አይደለም፤ እንጉዳይ ያማረው በአዲስ አበባ ገበያ ሰው ያለማውን ገዝቶ ይብላ።

የቀረው የመመረዝ ነገር ነው። በእንጉዳይ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኛዎቹን፣ በግምት ከመቶ 90 ያህሉን፣ የሚገድለው አማቶክሲን የተባለው መርዝ ነው። ይህ መርዝ የጉበት ሕዋስ ለሥራው የሚያስፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራበትን ትእዛዝ እንዳይገለብጥ ይከለክለዋል፤ ሕዋሱም ቀስ በቀስ ይሞታል። አንድ መካከለኛ እንጉዳይ ለአንድ አዋቂ ሞት ይበቃል። መርዙን ተንኰለኛ የሚያደርገው ግን አካሄዱ ነው። የበላው ሰው ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ቀን፣ ምንም አይሰማውም። ከዚያ ትውከትና ተቅማጥ ይጀምረዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ጋብ ይልለትና ተነሥቶ ይቀመጣል፤ ቤተ ሰቡም እግዚአብሔርን ያመሰግናል፣ ከሐኪም ቤት ልውሰደው ይላል። በዚያው ሰዓት ጉበቱ እየጠፋ ነው። ከዚህ በኋላ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ደም ይፈሰዋል፣ አእምሮው ይሰወራል።

ስለዚህ ሕመሙ ከበሉ ከ6 ሰዓት በኋላ መጀመሩ የከፋ ምልክት ነው። ቶሎ መጀመሩ ግን ዋስትና አይሆንም፤ በአንድ ድስት ሁለት ዓይነት እንጉዳይ ሊኖር ይችላልና፣ ቀላሉ ቶሎ ሲያስመልስ ከባዱ ተደብቆ ይቆያል። መምህር እንዲህ ያለ ነገር የሰማ እንደ ሆነ ሕመሙ እስኪጀምር አይጠብቅ፤ ከአንድ ማዕድ የበሉት ሁሉ፣ ያልታመሙትም ጭምር፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚሰጠው የከሰል መድኃኒት መርዙን በሆድ ውስጥ ሊይዘው ይችላል፤ በደም ሥር የሚሰጠው ውሃም ኩላሊትን ይጠብቃል። በቤት ውስጥ ማስመለሻ መስጠት፣ ወተት ወይም ዘይት ማጠጣት ጊዜ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። ከድስቱ የተረፈው፣ ከኩሽናው የተጣለው ልጣጭ፣ ከተለቀመበትም ስፍራ ከነሥሩ የተቆፈረ ሌላ እንጉዳይ ቢገኝ፣ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የተበላበት ሰዓትና ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት ተጽፎበት፣ ከበሽተኛው ጋር ለሐኪሙ ይላክ።